ስለ ማዲሰን ወንዝና ስለ ዓሣው አጠባበቅ

በሰሜን አሜሪካ በምዕራብ በኩል፥ የሎውስቶን በሚባለው የተከለለ ምድር ውስጥ፥ ፋየርሆልና ጊበን የሚባሉ ሁለት ውኆች ተገናኝተው አንድ ወንዝ ይሆናሉ፤ ስሙም ማዲሰን ነው። ይህን ስም ያወጡለት በ1805 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) በዚያ ያለፉት ሉዊስና ክላርክ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ለነበረው ለጄምስ ማዲሰን ክብር ሲሉ ነው። ወንዙ በሞንታና አገር ወደ ሰሜን ከወረደ በኋላ ከጄፈርሰንና ከጋላቲን ጋራ ተገናኝቶ ታላቁን ሚዙሪን ያስገኛል።

በዚህ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ትራውት ከመንጋጋው በታች ቀይ ጭረት ያለበት ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግን ሰዎች ለመንጠቆ ደስታ ሲሉ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ቀስተ ደመና የሚሉትን፥ ከአውሮጳም ቡናማውን ትራውት ወደዚያ አገር ውኆች አመጡ። እንግዶቹም በዝተው የአገሩን ዓሣ ከብዙ ስፍራ ገፉት። እንዲህ ያለው ማዛወር በኢትዮጵያም አልቀረም፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ደጋ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቆ ተራብቷል። እንግዲህ በማዲሰን «የወንዝ ልጅ» እየተባለ የሚመሰገነው ዓሣ የአያቶቹ አገር ሌላ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የዓሣ አጠባበቅ ማለት በገንዳ ማርባትና በወንዝ መልቀቅ ነበረ። አጥማጁ ሲበዛ ዓሣው ያልቃልና ከገንዳ ይጨመር የሚለው አሳብ ለሁሉ የታመነ ሆኖ ስለ ታየ፥ እውነት መሆኑን የመረመረ ጥቂት ነበረ። በነሐሴ 1959 ዓ.ም. በሌሊት የምድር መናወጥ ሆኖ ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘጋ፤ 28 ሰዎችም ሞቱ፤ በዚያም አዲስ ሐይቅ ተፈጠረ። ወንዙ ከዚህ ሁሉ በኋላ መፍሰሱን አልተወም።

በ1960ዎቹ ማለቂያ ዲክ ቪንሰንት የሚባል የሞንታና መንግሥት የዓሣ መርማሪ፥ ከግድብ የሚለቀቀው የክረምት ውሃ ማነስ ዓሣውን እንዴት እንደሚጎዳው ለማወቅ ሥራ ጀመረ። ዓሣውን በኤሌክትሪክ ኀይል ለጥቂት ጊዜ እያፈዘዘ፥ ቈጥሮና ምልክት አድርጎ ይለቀው ነበር። ሲቈጥርም ያላሰበውን ነገር አገኘ፤ የገንዳ ዓሣ በሚጨመርበት ስፍራ በወንዙ የተወለደው ዓሣ ያንሳል። ነገሩን በሚገባ ለመፈተን፥ ሲጨመርበት በኖረው የወንዙ ክፍል መጨመሩ እንዲቀር፥ ከዚያ በፊት ምንም ባልተጨመረበት በኦዴል ጅረት ግን የገንዳ ዓሣ እንዲለቀቅ አደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመጀመሪያው ስፍራ የወንዙ ልጆች እጅግ በዙ፤ በኦዴል ግን ጐደሉ። በገንዳ ያደገው ዓሣ በእጅ መመገብ እንጂ በወራጅ ውሃ ውስጥ ስፍራ ይዞ መኖርን ስላልተማረ፥ ነባሩን ያውከዋል፤ ራሱም አብዛኛው ክረምቱን ሳያልፍ ይሞታል።

ይህ ነገር በተሰማ ጊዜ ታላቅ ቍጣ ተነሣ። ነጋዴዎችና ብዙ አጥማጆች ገንዳው ከተዘጋ እንግዳ አይመጣም፥ ኑሯችንም ይጠፋል አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፥ የብዙ ቤት እንጀራ በዚያ ነበርና። ሆኖም ሞንታና በ1974 ዓ.ም. የወንዝ ልጆች በሚኖሩባቸው ወንዞች የገንዳ ትራውት መልቀቅን አስቀረች። ከአሳብ ይልቅ ቈጠራን መስማት ለሹማምንት ቀላል አይደለምና፥ ይህ ውሳኔ ሊደነቅ ይገባዋል።

በ1994 ዓ.ም. ግን ሌላ መከራ መጣ። ከአውሮጳ የተነሣ፥ የጫጩቱን ዓሣ ለስላሳ አጥንት እየበላ እንደ እንዝርት የሚያሽከረክር ጥቃቅን ተውሳክ በማዲሰን ተገኘ። በላይኛው ወንዝ ከቀስተ ደመናው ከመቶ ዘጠና ያህሉ ጠፋ፤ ቡናማው ግን ከጥንት አገሩ ከበሽታው ጋራ የኖረ ስለ ሆነ ተቋቋመው። በሽታውን ከመረመሩት አንዱ ያው ቪንሰንት ነበረ፤ ቀስተ ደመናውም ቀስ በቀስ ከጕዳቱ እያገገመ ሄደ።

የዓሣው ነገር እንዲህ ሲሆን፥ የሰውና የታንኳው ነገር የባሰ አስቸጋሪ ሆነ። የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ዓ.ም. ወንዙ የሕዝብ መንገድ ነው ብሎ ፈረደ፤ በ1985 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ሰው ሁሉ እስከ ሙላቱ ምልክት ድረስ በወንዙ እንዲጠቀም ፈቀደ። ስለዚህ ባለርስቱ ሊከለክል አይችልም፤ የመጣውም ሁሉ ይገባል። በአንዳንድ ክፍል፥ ይልቁንም ከመናወጡ ሐይቅ በታች እስከ ላየንስ ድልድይ ድረስ፥ በታንኳ ማለፍ ቢፈቀድም ከታንኳ ላይ ሆኖ ማጥመድ ተከልክሎ ኖሯል፤ አጥማጁ ወርዶ በእግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አለበት። በዚህ ዘዴ እግረኛው ከታንከኛው ግፊት ጥቂት ዐረፈ።

የቀረው ክፍል ግን በበጋ ታንኳ በታንኳ ላይ የሚከተልበት ሆነ። መሪዎቹ በሥራችን አትግቡ፥ የከተማው ሰዎችም ወንዙ ለእኛም ይቅር ብለው ተከራከሩ። በ2019 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ወገን ተመርጠው የተሰበሰቡ ሰዎች ሳይስማሙ ተለያዩ። የአገሩ የዓሣና የአራዊት ጉባኤም በ2020 ዓ.ም. መሪዎች በዋጋ የሚያደርጉት ጕዞ ከነበረበት እንዳያልፍ ወሰን አደረገ፤ በገዛ ታንኳው እየቀዘፈ ስለሚመጣው ሰው ብዛት ግን ወሰን አላበጀም።