ዳስ፣ አቃል እና የድምጽ ስሌት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

በእኛ ቶጎጫሌ ሰርግ ወይም የባህል ዝግጅት ሲኖር ታውቁታላችሁ። ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ይቆማል፤ ፊት የተቀመጠው ጆሮውን ይይዛል፣ ኋላ ያለው ደግሞ ግጥሙ አይሰማውም። የሶማሊ ዘፈን ግጥሙ ካልተሰማ ምን ቀረው?

ይህ ችግር የፈረንጅም ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ አዲስ አዳራሽ የመምህሩ ንግግር አልሰማ አለ፤ ድምጹ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መላ ፈልግ ተባለ። ሰውየው ማታ ማታ ከሌላ ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ ድምጹ እስኪጠፋ ያለውን ሰዓት ይለካ ጀመር። ትራስ በጨመረ ቁጥር ድምጹ ቶሎ ይሞታል። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ሦስት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ድምጽን እንደ ብርሃን ጨረር ቆጥረው፣ የት ነጥሮ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር አሰሉ። አሁን አርክቴክቶች ሜዳ ላይ ለሳምንት የሚቆም የሙዚቃ ዳስ ሲነድፉ እንኳ መጀመሪያ ድምጹን ኮምፒውተር ላይ ያሰማሉ።

እዚህ ላይ አቃልን አስቡ። ሴቶች የሚያቆሙት፣ ጎባጣ እንጨት ላይ ሰሌን የሚለብስ፣ ሲፈርስ ግመል ላይ የሚጫን ቤት። ለሙዚቃ ተብሎ አልተሠራም፤ ግን ሰሌኑ የሳቢንን ትራስ ሥራ ይሠራል። ጉብታው ድምጽን ወደ መሀል ይሰበስባል፤ ሲበዛ ይህ ጉዳት ነው፣ ሰሌኑ ያለዝበዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሃርጌሳ ስትደበደብ ቴአትር ቤቷ ፈረሰ። በእኛ በኩል ተሰዶ ሃርትሼክ የሰፈረው ሕዝብ ግን ያው ጎባጣ ጎጆውን ጨርቅና ፕላስቲክ አልብሶ አቆመ። ቆይቶም ዘፋኟ ሳህራ ሃልጋን ከፈረንሳይ ተመልሳ ሃርጌሳ ላይ ሂዶ ዶውርን ስትከፍት፣ የቀጥታ ሙዚቃ የሚሰማበትን ቤት በባህላዊው ቤት አምሳል አደረገችው። ደስ አይልም?

ወደ ሜዳችን እንመለስ። ሜዳ ላይ ጣሪያም ግድግዳም ስለሌለ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምጹ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቀን መሬቱ ሲግል ደግሞ ድምጹ ወደ ላይ ይታጠፋል (ማታ ዘፈን ከሩቅ የሚሰማው ለዚህ ነው)። የኛ ሰው መልሱ ስፒከሩን መጨመር ይመስለዋል። በጭራሽ! ድምጽ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 17 ሜትር ርቆ ያለ የቆርቆሮ አጥር ድምጹን በ0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ይመልሰዋል። ያ ነው ግጥሙን የሚያበላሸው። ከዘፋኙ ጀርባ 2 ሜትር ላይ ጠንካራ ሰሌዳ ብታቆሙ ግን የሚመለሰው ድምጽ ከ0.05 ሰከንድ በፊት ስለሚደርስ ጆሮ እንደ አንድ ድምጽ ይቀበለዋል፤ ያግዛል እንጂ አይረብሽም። አጥሩ ላይ ደግሞ ሰሌን ወይም ወፍራም ምንጣፍ መስቀል ነው።

ለዘንድሮው የወላጆች በዓል ይህን ልንሞክር ነው። አርክቴክቸር የምታጠኑ ልጆቼ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፤ ሌሎቻችሁ ሜትር እና ሰሌን። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር።