ከአዋጁ እስከ ምዘናው

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች፣ የቀጥቃጮችና የሸማኔዎች መንደር ነው። ሙያ ከወላጅ ወደ ልጅ በእጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ የሸክላው ፈታኝ እሳት ነበር፤ በወጉ ያልተሠራውን ገንቦ ሰንጥቆ ይመልሰዋል። ከመንደሩ ውጭ ግን «ጠይብ» የሚለው ስም ለስድብ ይውል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በምሠራበት ባንክ ቅጽ ስናስሞላ፣ የሙያቸውን ስም ከመጥራት ይልቅ «የግል ሥራ» ብለው የሚያልፉ የእጅ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ያጋጥሙኛል።

አዋጁ በወጣ በመቶኛው ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ተነደፈ። ከሐሳቦቹ ሁሉ እኔን የሚገዛኝ አንዱ ነው፦ ሰው ሙያውን ከትምህርት ቤትም ይማረው ከአባቱ፣ ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ አንድ ጎረቤቴ ከጭቃው ወደ ድንጋዩ ተሻግሮ፣ አሁን ለግንበኝነት ምዘና ይዘጋጃል። ማታ ማታ ጥያቄ አነብለታለሁ። ሲባጎ ወጥሮ በአንዱ ጎን 3፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል፤ ሰያፉ 5 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ያውቃል። «ለምን?» ስለው ዝም ይላል፤ ጣቱ ብቻ አየር ላይ መስመር ያሰምራል።

«እጁን ቢያዩት አይበቃም ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ እናቱ፣ ጭቃቸውን እያሹ።

የተግባር ፈተናም እንዳለው ነገርኋቸው። ቱንቢውንና ውሃ ልኩን ወልውሎ አስቀምጧል።