የባይርንና የፊሸር ጨዋታ እንደ ታሪክ ሰነድ

በቋንቋችን «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ጨዋታውንም የቍጥር መዝገቡንም ይጠራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሁለቱ የተለያየ ምስክርነት የሰጡበትን አንድ ውድድር ነው።

በኦክቶበር 17 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማርሻል የቼዝ ክበብ ዶናልድ ባይርንና ቦቢ ፊሸር ተገናኙ። ባይርን የ26 ዓመት ሰው ሲሆን በ1953 የአሜሪካን ክፍት ውድድር አሸንፎ ነበር፤ ፊሸር የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽንም ከ1950 ጀምሮ የተጫዋቾችን ችሎታ በነጥብ ይመዝን ነበር።

ነጩን የያዘው ባይርን በ11ኛው እርምጃ ንጉሡን ከመከለል ይልቅ ቀድሞ የወጣውን ጳጳስ ደግሞ አንቀሳቀሰ። ስለዚህ ንጉሡ በመካከል ተጋልጦ ቀረ። ፊሸር ወዲያው ፈረሱን ለመበላት አቀረበ፤ በ17ኛውም ንግሥቱን ለቀቀ። በለውጡ ግንብ፣ ሁለት ጳጳሳትና አንድ ወታደር አገኘ። የነጩ ንግሥት ብቻዋን ራቅ ብላ ስትቆም ጥቁሮቹ ተባብረው ንጉሡን እያሳደዱ በ41ኛው እርምጃ ማት አሉት።

የውድድሩ መዝገብ ግን ሌላ ይላል። ከ12 ተጫዋቾች ሳሙኤል ሬሼቭስኪ አንደኛ ሲወጣ፣ ፊሸር ከ11 ጨዋታ 4½ ነጥብ ብቻ አግኝቶ 8ኛነትን ከሌላ ጋር ተካፈለ።

ጨዋታው የተከበረው ፊሸር በ1972 በሬይኪያቪክ ስፓስኪን ድል አድርጎ የዓለም ሻምፒዮን ስለ ሆነ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ አስተያየት ከዘመን ቅደም ተከተል ጋር አይስማማም። ሐንስ ክሞክ «የምዕተ ዓመቱ ጨዋታ» ብሎ የሰየመው በዚያው በ1956 በዲሴምበር ነበርና። ምዕተ ዓመቱ ሊፈጸም 44 ዓመት ሲቀረው እንዲህ ማለት ግነት ነው፤ ግነቱ ግን የዘመኑ ሰዎች አስቀድመው መደነቃቸውን ይመሰክራል።

መዝገቡም አልዋሸም፤ አንድ ድል የቀሩትን አሥር ጨዋታዎች አይሽርም። ነጥብ ግን ያለፈውን ይደምራል እንጂ በውስጡ እየበቀለ ያለውን አያሳይም። በፈተና ነጥብ የምንመደብ እኛ ተማሪዎች ይህን ልንዘነጋው አይገባም። ለታሪክ ተመራማሪም ትምህርቱ ይኸው ይመስለናል፤ ከድምሩ በፊት 41ዱን እርምጃ አንድ በአንድ ማንበብ ይገባል።