የራዳር ሴንሰር ሲመረጥ

አቧራ በበዛበት ቦታ ወደ ኋላ ለሚነዳ ሎደር ሴንሰር ስመርጥ ከዋጋው አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ከኋላ የቆመን ሰው ለይቶ ማየቱን ነው። ካሜራ በአቧራ ሲጋረድ ራዳር ይሠራል። ነገር ግን ብረት ሞገዱን በኃይል ሲመልስ የሰው አካል የሚመልሰው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከቆመ መኪና አጠገብ ያለ ሠራተኛ ከብረቱ ጋር ተደባልቆ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ወሳኙ ባንድዊድዝ ነው። በ24 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራና 250 ሜጋ ኸርዝ ባንድዊድዝ ያለው ሴንሰር፣ የርቀት ልዩነታቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ሁለት ነገሮችን እንደ አንድ ያያል። ከ77 እስከ 81 ጊጋ ኸርዝ ያለውን ሙሉ ስፋት የሚጠቀመው ግን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

ከመግዛቴ በፊት የሎደሩን ሞተር አጥፍቼ፣ ሰው ከብረት አጠገብ አቁሜ እሞክረዋለሁ። ካላየው አልገዛውም።