ውርስ የሌለበት ዋሻ

በኛ ዕድሜ ያለ ሰው «ጌም» የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱን ማጨማደዱ የተለመደ ነው። የልጆች ነገር፣ ጊዜ ገዳይ፣ ዓይን አጥፊ... የሚወርድበት ክስ ብዙ ነው። ይሁን፤ ክሱን አልከራከርም። ነገር ግን ቸኩላችሁ ገጹን አትግለጡት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የቆየ ጌም ቢሆንም፣ ነገሩ ሰው ሲሞት ምን ያወርሳል፣ ሲወድቅስ ምን ይተርፈዋል የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ የአዋቂ ጉዳይ ካለ ንገሩኝ!

ጌሙ ስፔለንኪ ይባላል። ዴሬክ ዩ የተባለ አሜሪካዊ በ2008 መጨረሻ ላይ በነጻ ያወጣው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ወደ እኔ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ድሮ ስነጽሑፍ ያስተማርኩት አንድ ልጅ በፍላሽ ይዞልኝ መጣና «መምህር፣ እስቲ ይሞክሩት፤ ከክፍል ውስጥ ወሬዎ ጋር ይገናኛል» አለኝ። ሞከርኩት፤ ወደድኩትም። ሰሞኑን ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አርጅቶ እንደሆነ ለማየት እንደገና ከፈትኩት። አላረጀም። ለምን እንዳላረጀ ሳስብ ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት።

ላዩን ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ባርኔጣ የደፋ አንድ ሀብት ፈላጊ ዋሻ ውስጥ ይገባል። በእጁ ጅራፍ፣ በከረጢቱ አራት ቦምብና አራት ገመድ ይዟል፤ ዕድሜው የሚለካው ደግሞ በአራት ልቦች ነው። ልቦቹ ሲያልቁ አለቀ። ከማዕድን ጉድጓዱ ወደ ጫካው፣ ከጫካው ወደ በረዶው ዋሻ፣ ከበረዶው ወደ ቤተ መቅደሱ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ አራት አራት ደረጃ ስላለው ድምሩ አሥራ ስድስት ነው። መዝለል፣ መንጠልጠል፣ መግረፍ፣ መሸሽ። ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ ምኑ ነው ልዩ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዋሻው በተገባ ቁጥር አዲስ ነው፤ ትናንት መሰላል የቆመበት ቦታ ዛሬ የእሾህ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የሞተ ሞተ ነው። አሥራ አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ የሞተም፣ ገና አንደኛው ላይ እባብ የነደፈውም እኩል «ሀ» ብለው ይጀምራሉ።

ይህ ከየት መጣ? ስፔለንኪ የሁለት ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ደግሞ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ቢኖሩም እምብዛም አይጠያየቁም ነበር።

አንደኛው ቤተሰብ የሚቆጠረው ሮግ ከተባለ ጌም ነው። በ1980 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ክሩዝ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ጀመሩት፤ ቶይ ወደ በርክሊ ሲዛወር ኬን አርኖልድ ተጨመረበት። ሮግ ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ግድግዳው በሰረዝ ይሠራል፤ ጭራቆቹ ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መሐል የምናውቃት ምልክት ነው። የልጆቹ ችግር ምን ነበር መሰላችሁ? በዚያ ዘመን የነበሩት የኮምፒውተር ጀብዱዎች አንዴ ከተፈቱ እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ናቸው፤ ሁለተኛ አይነኩም። ለሠራቸው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ጨዋታ አይሆኑም፤ መልሱን ያውቀዋላ! ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ በየጊዜው አዲስ ጉድጓድ እንዲቆፍር አደረጉ፤ ፈጣሪዎቹም ጭምር እንዲደነግጡ። ጨዋታውን አቋርጦ ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የተቀመጠው ፋይል ሲከፈት ይጠፋል። ሞቶ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሮግ በ1983 ከበርክሊው የዩኒክስ ሥርዓት ጋር አብሮ ሲሠራጭ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ ገባ።

ሁለተኛውን ቤተሰብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኒንቴንዶው ሺገሩ ሚያሞቶ በ1981 ዶንኪ ኮንግን፣ በ1985 ደግሞ ሱፐር ማሪዮን አወጣ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚሠሩት እግርና ጣት ናቸው። ሮግ ላይ ተጫዋቹ እስኪወስን ዓለም ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ማሪዮ ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በሌላ በኩል የማሪዮ መንገድ ቋሚ ነው። በ1985 የነበረው ጉድጓድ ዛሬም እዚያው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ መንገዱን ይሸመድዳል፤ ሦስተኛው ቧንቧ ጋ ዝለል፣ ከዚያ ጎንበስ በል፣ ከዚያ ሩጥ። ሳንቲም እየዋጡ ያጫውቱ በነበሩት ማሽኖች ዘመን ደግሞ ሞት ገቢ ነበር፤ ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞት ባለማሽኑ ቶሎ ይበላል።

ዴሬክ ዩ ምን አደረገ? የሮግን ዕጣና የሮግን ሞት ለማሪዮ እግር ሰጠ። በዚያው በ2008 የሮግ ወዳጆች በርሊን ተሰብስበው እውነተኛ የሮግ ዘር ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ዘርዝረው ነበር፤ ተራ በተራ መጫወት ከዝርዝሩ አንዱ ነው። ስፔለንኪ ይህንን አያሟላም። እንዲህ ያሉትን ዲቃላዎች ለመጥራት ኋላ ላይ «ሮግላይት» የሚል ስም መጣ፤ ቀለል ያለ ሮግ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ዋሻው አሠራር እንግባ፤ እኔን የማረከኝ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አራት በአራት የተደረደሩ አሥራ ስድስት ክፍሎች አሉት። መግቢያው ከላይኛው ረድፍ፣ መውጫው ከታችኛው ረድፍ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ዕጣ እያወጣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ታች የሚሄድ አንድ መንገድ ይስላል። መንገዱ የሚያልፍባቸው ክፍሎች የግድ በሚፈለገው በኩል ክፍት ይሆናሉ። ክፍሎቹም ከባዶ የሚፈጠሩ አይደሉም፤ ሰው አስቀድሞ በእጁ ካዘጋጃቸው ንድፎች እየተመረጡ፣ እዚህም እዚያም ድንጋዩና ወጥመዱ እየተለዋወጠ ነው። ስለዚህ ዋሻው መቼም አይደገምም፤ ሆኖም ያለ አንዲት ቦምብና ያለ አንዲት ገመድ የሚያስወጣ መንገድ ሁልጊዜ አለ። ተጫዋቹ አያየውም እንጂ መንገዱ አለ።

የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ልኩ አይነካም። የትናንቱ ቅኔ ግን ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው በየቀኑ አዲስ መቁጠር አለበት። መምህሩ የሚፈትነው ማስታወሱን ሳይሆን አገባቡን ማወቁን ነው። ዴሬክ ዩ ስለ ቅኔ የሰማ አይመስለኝም። ደንቡን አጽንቶ ይዘቱን ማደስ ግን የትም ቢሆን ያው አንድ ዓይነት ተማሪ ያፈራል።

የዋሻው ደንብ ደግሞ ለማንም አያዳላም። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀው የቀስት ወጥመድ በፊቱ ያለፈውን ሁሉ ይወጋል፤ ሰው ይሁን እባብ፣ የተወረወረ ድንጋይ ይሁን ገንቦ ለሱ ያው ነው። ብልህ ተጫዋች መጀመሪያ ድንጋይ ይወረውርና ቀስቱን ያስጨርሳል። ሌላ ቦታ ደግሞ የወርቅ ጣዖት ተቀምጧል። ሲያነሱት ከላይ ትልቅ ቋጥኝ ይለቀቃል። ቋጥኙ እየተንከባለለ ሄዶ የሱቁን ግድግዳ ካፈረሰ፣ ባለሱቁ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። «እኔ አይደለሁም፣ ድንጋዩ ነው» ማለት አይሠራም! ከዚያ በኋላ ጠቡ ከአንዱ ባለሱቅ ጋር ብቻ አይቀርም፤ በቀጣዩ ደረጃ መውጫው በር ላይ ሌላው ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቃል። የአንዲት ጣዖት ስስት ይህን ሁሉ ታስከትላለች።

በ2012 አንዲ ሀል ተጨምሮበት፣ በተሻለ ሥዕል ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ሁለተኛው ስፔለንኪ ይህንኑ ስስት በደንብ ይፈትነዋል። አንድ ደረጃ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል የቆየ ሰው ጣረሞት ይመጣበታል። አይገደልም፤ ከነካም ገዳይ ነው። ግን ጣረሞቱ ያለፈበት እንቁ ወደ አልማዝ ይለወጣል። እንግዲህ ሸሽቶ መውጣት ወይስ ሞትን ከኋላ እያስከተሉ አልማዝ መልቀም? መልሱን የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው፤ መልሱም ስለ ራሱ ብዙ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሰውየው ሲሞት ምን ይቀራል? ከዋሻ የለቀመው ወርቅ አይቀርም። የገዛው ጫማ፣ ያገኘው ጠመንጃ አይቀርም። በዋሻው ውስጥ አንድ ቆፋሪ አለ፤ የጠየቀውን ቦምብ፣ ገመድና ገንዘብ ከሰጡት አቋራጭ መንገድ ይከፍታል፤ ያ አቋራጭ ይቀራል። በአቋራጩ የሄደ ግን ከላይ የሚለቀመው ሁሉ አምልጦት፣ ባዶ እጁን መሐል አገር ይደርሳል። ከዚህ ሌላ የሚተርፈው ነገር በሙሉ ያለው ተጫዋቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የካናዳው ሴላር ዶር ጌምስ ሮግ ሌጋሲን አወጣ፤ ነገሩ ተገለበጠ። እዚህ ቤተ መንግሥቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቢሆንም ሟቹ ወራሽ አለው። አባት ሲሞት ከሦስት ልጆች አንዱ ይመረጥና ይቀጥላል፤ አንዱ ቀለም የማይለይ፣ ሌላው ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ ይሆናል። አባት የሰበሰበውን ወርቅ ልጅ ሰይፍና ጥሩር ይገዛበታል፣ የቤተሰቡን ርስት ያሰፋበታል። ያላወጣውን ወርቅ ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ካሮን ይቀበለዋል። ሞት እዚህ ክስረት አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ በ2018 የወጣው ዴድ ሴልስ፣ የተከተሉት ይህንን የውርስ መንገድ ነው።

ሰሞኑን ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በሮግ ሌጋሲ የድሮው እኔ ያጠራቀመው ርስት ሳይነካ ቆየኝ። ወፍራም ጥሩር፣ የተሳለ ሰይፍ። ቁልፎቹን እንኳ በቅጡ ሳላስታውስ ጭራቆቹን እያጋደምኩ አለፍኩ። ስፔለንኪ ውስጥ ግን የጠበቀኝ ያው አራት ልብ፣ አራት ቦምብና አራት ገመድ ነበር። ጣቶቼ በጣም ዘግይተዋል፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው ጣት ነው። ዓይኔ ግን አልረሳም። ከመዝለሌ በፊት ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ቀስቱን ሳየው እጄ ድንጋይ ፈለገ። ይህ የትም ፋይል ውስጥ አልተጻፈም፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም አይጠፋም።

እውነቱን እንነጋገር፤ ውርስ ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ አንዲት ሰዓት ያገኘ ሰው፣ ያቺ ሰዓት ከንቱ እንዳትሆንበት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ቤተሰብም ሆነ አገር ትውልድ በመጣ ቁጥር ከዜሮ ሲጀምሩ መኖር ደግ አይደለም። ሆኖም የሚወረሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሀብት፣ ሌላው ማስተዋል። የሀብቱ ችግር የማስተዋሉን ጉድለት መሸፈኑ ላይ ነው። ሃያ ጊዜ ሞቶ በሃያ አንደኛው ያሸነፈ የሮግ ሌጋሲ ተጫዋች «እኔ ጎበዝኩ ወይስ ሰይፌ ከበደ?» ብሎ ቢጠይቅ እርግጠኛ መልስ አያገኝም። የስፔለንኪው ተጫዋች ይህ ጥያቄ የለበትም። ሰይፉ አልከበደማ!

ስነጽሑፍ ሳስተምር ይህን ልዩነት በየዓመቱ አየው ነበር። የክፍል ማስታወሻውን ከነነጥቡ ሸምድዶ የሚመጣ ተማሪ ነበረ፤ ስለተነበበው ልብ ወለድ ሲጠየቅ የሚስተካከለው የለም። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አንድ ግጥም ስሰጠው ግን ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። «መምህር፣ ይህኛው አልተማርነውም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያንን ግጥም አልተማረም። ጥያቄው ሌሎቹን ሲማር ምን ያዘ የሚል ነበር። አንዳንዷ ደግሞ በመጀመሪያው ፈተና ወድቃ፣ የወደቀችበትን ቦታ ለይታ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያልታየውን ግጥም እንደ ቤቷ ትገባበታለች። የመጀመሪያው ውጤቷ መዝገብ ላይ ቀርቷል፤ ትምህርቱ ግን ከሷ ጋር ሄዷል።

በ2013 ስፔለንኪ ለኮምፒውተር ሲወጣ ይህንኑ የሚመስል ነገር ተጨመረበት። በየቀኑ አንድ ዋሻ ይዘጋጃል፤ በመላው ዓለም ያለ ተጫዋች ሁሉ ያንኑ ዋሻ ይገባል፤ ዕድሉ አንዴ ብቻ ነው። ማንም አስቀድሞ አላየውም፤ ማንም ደግሞ አይደግመውም። ያልታየ ግጥም ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ቤታችሁ ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ፣ ሞቶ እንደገና ሲጀምር ስታዩት «ተው አሁን ይበቃሃል» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፤ «ዛሬ ምን ገደለህ?» በሉት። «ዕድሌ» ካላችሁ ገና ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን ማለት ነው። «ሳላይ ዘልዬ» ካላችሁ ግን ትንሽ ይጫወት። ያ ልጅ አንድ ነገር ይዞ ተነሥቷል።