ትምህርት ወደ ቤት የተመለሰባቸው ዓመታት

በ1917 ዓ.ም. ከጉለሌ አጠገብ የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያ ልጆች የታነጸ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ግን ሕንፃው ለነጮች ልጆች ሆነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው ድንጋጌ የነጩንና የጥቁሩን ትምህርት ለያየ፤ ለጥቁሩ የተፈቀደው ከመጀመሪያ ደረጃ እምብዛም አያልፍም ነበር። ለጉለሌ ልጅ የቀሩለት የየኔታ ደጅና የወላጆቹ ቤት ናቸው።

የየኔታ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ ዳዊት የደገመ ልጅ ትዕግሥትን ይማራል፤ ይህም ለማናቸውም ሙያ ይበጃል። ለኮሌጅ የሚያበቃውን ሒሳብ፣ ሳይንስና የውጭ ቋንቋ በቤት ሊያስተምር የሚችለው ግን ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ብቻ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የግራዚያኒ ሰዎች እያደኑ የገደሉት ይህንኑ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ የበላይ ተቆጣጣሪ የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩት ዮሴፍና ቢንያም፣ ከተገደሉት መካከል ናቸው። አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተወሰደ፤ ቀጥሎ የቤቱ መምህር ጠፋ።

ከባርቤዶስ የመጡት ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ፣ ባለቤታቸው በጦርነቱ ዋዜማ ቢሞቱባቸውም፣ ወረራውን ከልጆቻቸው ጋር በኢትዮጵያ አሳለፉ። ነፃነት ሲመለስ የከፈቱት ትምህርት ቤት ኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ ተባለ። ልጃቸው አብይ ፎርድም በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን የከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. 8 ዓመት የሞላው ልጅ ያን ጊዜ 23 ዓመቱ ነበር።