401 ወይስ 301?

እስቲ በሁለት ቁጥር እንጀምር። በአሜሪካኖች ቤዝቦል ወርዋሪ ይወረውራል፣ መቺ በዱላ ይመታል፤ የመቺውም ማዕረግ «ከሺህ ሙከራ ስንቱ ይሠምርለታል?» ተብሎ ይሰላል። በ1930 የኒውዮርኩ ቢል ቴሪ 401 ደረሰ። በ1968 የቦስተኑ ካርል ያስትርዜምስኪ በ301 የሊጉ አንደኛ ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማን ይበልጣል? «ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል፣ የመቶ ልዩነት እኮ ነው!» የሚል አይጠፋም።

ዘመኑን እንይ እንጂ! በ1930 በቴሪ ሊግ ተራው መቺ ሁሉ በአማካይ 303 ይመታ ነበር። የፊላዴልፊያ ቡድንማ በጅምላ 315 መትቶ፣ 102 ጨዋታ ተሸንፎ፣ ውራ ወጣ፤ ወርዋሪዎቹ ከዚያ የባሰ ያስመቱ ነበራ። በ1968 ነገሩ ተገለበጠ። ወርዋሪው ከ15 ኢንች ጉብታ ላይ ቁልቁል ይለቀዋል፤ ያስትርዜምስኪ በነበረበት ሊግ አማካዩ 230 ወረደ። መቺዎቹ ያሳዝኑ ስለነበር በ1969 ጉብታው ወደ 10 ኢንች ተቀነሰ።

እንግዲህ 401ን ለ303፣ 301ን ለ230 አካፍሉ። ቴሪ ዘመኑን በ32 በመቶ፣ ያስትርዜምስኪ በ31 በመቶ በለጡ። ያ ሁሉ መቶ ልዩነት ወዴት ገባ? በከርቭ የታረመ ተማሪ መልሱን አያጣውም። ቦታም እንደ ዘመን ነው፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ይሳሳል፣ ኳሱ ይርቃል። (አዲስ አበባ ቢጫወቱ ምን ሊሉ ነው?)

ይህን ዓይነቱን ስሌት ካስፋፉት አንዱ ቢል ጄምስ፣ በካንሳስ የባቄላ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበር። በ1977 በራሱ ወጪ አባዝቶ ያወጣው የመጀመሪያ ጽሑፉ 75 ቅጂ ያህል ብቻ ተሸጠለት። የኛ መጽሔት አዘጋጆች ይጽናኑ!

እኔን የሚከነክነኝ ግን አካፋዩ ነው። ያ 303 የማን አማካይ ነው? የ1930ው ሊግ ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበር። ሳቼል ፔጅን የመሰለ ወርዋሪ፣ ጆሽ ጊብሰንን የመሰለ መቺ በጥቁሮች ሊግ ተወስነው ይጫወቱ ነበር። ቴሪ እነ ፔጅ ሳይወረውሩበት ነው 401 የመታው፤ አማካዩም እነሱ ሳይቆጠሩበት የወጣ ነው። ዘመንን በማካፈል ማስተካከል ይቻላል፤ ከበር የተመለሰውን ሰው ግን ማካፈል አያስገባውም። ጃኪ ሮቢንሰን በሚያዝያ 1947 በሩን ሲያልፍ፣ ጊብሰን ሦስት ወር ቀደም ብሎ በ35 ዓመቱ ሞቶ ነበር።

በ2024 የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀሉ። የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 372 ሆኖ የታይ ኮብን 367 አለፈ። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ የነዚያ ሊጎች የውድድር ዘመን አጭር ነበር፣ የተመዘገበውም ጨዋታ ከሌላው ያንሳል። እና 372ቱስ ለስንት ይካፈል?